«ነጻ» የሚባለው የቤተሰብ ቴሌቪዥን በጀርመን በምን ይኖራል?

ጀርመን ውስጥ የቴሌቪዥን ምሽት የሚጀምረው በሙሉ ሰዓት አይደለም። ዋናው ፊልም፣ ትልቁ ውድድር፣ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ተከታታይ ድራማ የሚቀርበው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ ሲሆን፣ አገሬው በራሱ አቆጣጠር 20:15 ይለዋል። ኤአርዲ የተባለው የሕዝብ ማሰራጫ ከ1952 ጀምሮ ያለውን «ታገስሻው» የተሰኘ የዜና እወጃ ልክ 2 ሰዓት ላይ ጀምሮ በ15 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ሌሎቹ ጣቢያዎችም ተመልካቹ ከዜናው እስኪላቀቅ ጠብቀው ትልቁን ዝግጅታቸውን ያቀርባሉ። የጀርመንኛ የቤተሰብ መዝናኛ ጣቢያ አሠራር ሊገባው የሚፈልግ ሰው ከዚህች ሰዓት ቢነሳ ይበጀዋል፤ ጣቢያው የልጆች መሆኑ አብቅቶ የቤተሰብ የሚሆነው፣ ሕጉም ገበያውም የሚለወጥለት እዚህች ላይ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደ ዋና ምሳሌ የወሰድኩት መቀመጫውን ሙኒክ ያደረገውን የጀርመኑን ዲዝኒ ቻናል ነው። ይህ ጣቢያ በጥቅምት 1999 ሥራ ሲጀምር በክፍያ ብቻ የሚታይ ነበር። ፕሪሚየር የተባለው፣ በ2009 ስሙን ወደ ስካይ የቀየረው ኩባንያ ከሚሸጠው ጥቅል ውስጥ አንዱ ስለነበር፣ ወርኃዊ ክፍያ ከፍሎ ካርድና ዲኮደር ያላስገባ ቤተሰብ ሊያየው አይችልም ነበር። በጥር 17 ቀን 2014 ግን ጣቢያው ካርድም ደንበኝነትም የማይጠይቅ፣ ሳተላይት ዲሽ ወይም ኬብል ያለው ሁሉ የሚከፍተው ጣቢያ ሆኖ እንደ አዲስ ተጀመረ። በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የመዝናኛ ኩባንያዎች አንዱ፣ ሲሸጠው የኖረውን ዕቃ አንድ ቀን ተነስቶ በነጻ መስጠት የጀመረው ለምንድን ነው? ጥያቄው የሚመስለውን ያህል ቀላል ስላልሆነ መልሱ የጀርመንን የማሰራጫ ሥርዓት ከመሠረቱ ማየትን ይጠይቃል።

ጀርመን ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የማዕከላዊው መንግሥት ጉዳይ አይደሉም። ናዚዎች ሬዲዮን የአንድ ፓርቲ ልሳን አድርገው ምን እንደሠሩበት ያየው ትውልድ፣ ከጦርነቱ በኋላ ይህን መሣሪያ በአንድ እጅ ማስያዝ አልፈለገም። በ1960 ግድም መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር በማዕከላዊው መንግሥት የሚመራ ሁለተኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለማቋቋም ቢነሱም፣ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በየካቲት 1961 በሰጠው ውሳኔ አስቆማቸው፤ ማሰራጫ የፌዴራዊ ግዛቶቹ ሥልጣን ነው፣ መንግሥትም ሊቆጣጠረው አይገባም ሲል። ሁለተኛው ጣቢያ ዜድዲኤፍ በ1963 የተከፈተው ግዛቶቹ እርስ በርሳቸው በፈረሙት ውል ነው። ዛሬም ቢሆን የቴሌቪዥን ሕግ የሚወጣው 16ቱ ግዛቶች በሚስማሙበት የጋራ ውል ሲሆን፣ ለግል ጣቢያዎች ፈቃድ የሚሰጡትና የሚቆጣጠሯቸውም የግዛቶቹ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣናት ናቸው፤ ሁለት ቦታ ላይ ግዛቶች ስለተጣመሩ ቁጥራቸው 14 ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ አንድ ነገር ለይቶ ቢያይ ጥሩ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው የጀርመን ማሰራጫ ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረው ዶይቸ ቬለ ነው። እርሱ ለውጭ አገር አድማጭ የተቋቋመ ስለሆነ የሚተዳደረው ከማዕከላዊው መንግሥት በጀት በሚወጣ የግብር ገንዘብ ነው። የአገር ውስጡ ቴሌቪዥን ግን ከግብር አንድ ሳንቲም አይደርሰውም። ኤአርዲና ዜድዲኤፍ በዋናነት የሚኖሩት እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት በሚከፍለው መዋጮ ነው፤ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ የዚህ መዋጮ መጠን በወር 18.36 ዩሮ ነው። የግል ጣቢያዎች፣ ማለትም በጥር 1984 በሉድቪግስሃፈን ከተማ በተጀመረው የኬብል ሙከራ በር የተከፈተላቸው ሁሉ፣ ከዚህ መዋጮ ምንም ሳይነካቸው በማስታወቂያ ወይም በደንበኞች ክፍያ ይኖራሉ።

እንግዲህ ሦስት ኪሶች አሉ ማለት ነው፦ የመዋጮ ኪስ፣ የማስታወቂያ ኪስ፣ የደንበኛ ኪስ። በልጆችና በቤተሰብ ቴሌቪዥን ረገድ ሦስቱም ኪሶች የየራሳቸው ጣቢያ ነበራቸው፤ በመካከላቸው የተደረገው ፉክክርም ዲዝኒን በመጨረሻ ወደ ነጻ ስርጭት ገፋው።

በማስታወቂያው ኪስ ቀድሞ የቆመው ሱፐር አርቲኤል ነው። ኮሎኝ ከተማ ተቀምጦ በሚያዝያ 1995 ሥራ የጀመረው ይህ ጣቢያ ከባለቤቶቹ እኩሌታው አርቲኤል የተባለው የግል ቴሌቪዥን ኩባንያ ወገን፣ እኩሌታው ደግሞ ዲዝኒ ራሱ ነበር። ቀን የልጆች ዝግጅት ያሳያል፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ለአዋቂ የሚሆን ፊልምና ተከታታይ ያቀርባል። በመዋጮው ኪስ ደግሞ በጥር 1 ቀን 1997 ኪካ መጣ። ይህ ኤአርዲና ዜድዲኤፍ በጋራ ያቋቋሙት፣ በቱሪንገን ግዛት ዋና ከተማ በኤርፉርት የሚሠራ የልጆች ጣቢያ ሲሆን፣ አንድም የንግድ ማስታወቂያ አያሳይም።

ለግሎቹ ይህ መርዶ ነበር። በዚያው ዘመን ኒኬሎዲዮን የተባለው የአሜሪካ የልጆች ጣቢያም ጀርመን ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን ማስታወቂያ ከሌለውና ወላጆች ከሚያምኑት ከኪካ፣ የዲዝኒ ፊልሞች ከነበሩት ከሱፐር አርቲኤልም ጋር መወዳደር ከብዶት በግንቦት 1998 ተዘጋ። እንደገና የተመለሰው በ2005 ነው። የግል ማሰራጫዎች ማኅበር ጉዳዩን ወደ አውሮፓ ኮሚሽን ወስዶ፣ ለኪካ የሚሰጠው የመዋጮ ገንዘብ ውድድርን የሚያዛባ የመንግሥት ድጎማ ነው ብሎ ተከራከረ። ኮሚሽኑ በየካቲት 1999 የሰጠው መልስ ገንዘቡ በርግጥ ድጎማ ቢሆንም ለሕዝብ አገልግሎት የዋለ ስለሆነ የተፈቀደ ነው የሚል ነበር። ይህ ውሳኔ ብዙም አይወራለትም፤ ነገር ግን ዛሬ አንድ ጀርመናዊ ሕፃን የመጫወቻ ማስታወቂያ ሳያይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቴሌቪዥን ማየት የሚችለው በእርሱ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የኪካን ምሽት ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ የሌሎቹ ልዩነት የሚታወቀው ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ለ1 ሰዓት 10 ደቂቃ ሲቀር፣ ጺሙ ነጭ የሆነ ትንሽ አሻንጉሊት ሰው ይመጣል። «ዛንድመንሸን»፣ ትርጉሙም ትንሹ የአሸዋ ሰው፣ በምሥራቅ ጀርመን ቴሌቪዥን በኅዳር 1959 የተጀመረ ሲሆን፣ አገሪቱ ራሷ ስትፈርስ እርሱ ተርፎ እስከ ዛሬ አለ። አጭር ተረት ያሳይና ሲሰናበት ከከረጢቱ አሸዋ ይበትናል፤ አሸዋው ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ልጁ ዓይኑን እያሻሸ ወደ አልጋው ይሄዳል። ጎበዝ የተባሉት ትልልቅ ልጆች ግን አይተኙም፤ ለእነርሱ ለ2 ሰዓት 10 ደቂቃ ሲቀር፣ ማለትም ታላላቆቻቸው ታገስሻውን ከማየታቸው በፊት፣ በልጅ ቋንቋ የተዘጋጀ ዜና ይቀርባል። 3 ሰዓት ሲሆን ጣቢያው መደበኛ ዝግጅቱን ይጨርሳል። ከዚያ እስከ ማለዳ የሚታየው በርንድ የሚባል፣ እጆቹ አጫጭር የሆኑ፣ ሁልጊዜ የሚከፋው ዳቦ ነው፤ ይኸው የዳቦ አሻንጉሊት ኤርፉርት ከተማ ውስጥ ሐውልት የቆመለት ከመሆኑም በላይ፣ ሐውልቱ በ2009 ተሰርቆ የአገሩ ጋዜጣ ሁሉ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። 3 ሰዓት ላይ ማቆም የሚያዋጣው በመዋጮ ለሚኖር ጣቢያ ብቻ ነው። በማስታወቂያ የሚኖር ጣቢያ ምሽቱን ቢዘጋ ገቢው የሚበዛበትን ሰዓት በገዛ እጁ ጣለ ማለት ነው።

መዋጮ ከፈተና ሁሉ ያድናል ብሎ ማሰብ ግን አይገባም። በ2010 መጨረሻ የኪካ አንድ ከፍተኛ የምርት ኃላፊ ላልተሠራ ሥራ ደረሰኝ እያስከፈለ በሚሊዮኖች ዩሮ የሚቆጠር ገንዘብ ማባከኑ ታውቆ፣ በተከታዩ ዓመት የኤርፉርት ፍርድ ቤት ከ5 ዓመት በላይ እስራት ፈርዶበታል። ገንዘቡ የእያንዳንዱ ቤት ስለነበር ሕዝቡ ያዘነው በዚያው ልክ ነው።

ወደ ዲዝኒ እንመለስ። በ2012 ግድም ኩባንያው የነበረበት ሁኔታ እንዲህ ነበር፦ ስሙን የማያውቅ ጀርመናዊ የለም፤ ፊልሞቹ በሌሎች ጣቢያዎች ይታያሉ፤ የራሱ ስም ያለበት ጣቢያ ግን ከክፍያ ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ ጥቂት ሰው ብቻ ያየዋል። ጀርመን ደግሞ በነጻ የሚታዩ ጣቢያዎች የሞሉባት አገር ስለሆነች፣ ለቴሌቪዥን ተጨማሪ መክፈል ከብሪታንያ ወይም ከአሜሪካ ጋር ሲነጻጸር እምብዛም የለመደች አይደለችም። በኮሎኙ ጣቢያ ውስጥ ግማሽ ድርሻ ቢኖረውም፣ ግማሽ ባለቤት የሆነ ሰው ቤቱን በራሱ ቀለም መቀባት አይችልም።

ታዲያ አዲስ ነጻ ጣቢያ ለመክፈት የሚያስቸግረው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ፈቃድ ማግኘቱ ይመስለዋል። ጀርመን ውስጥ ፈቃዱ ያን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ቦታ ማግኘት ነው። ጣቢያው በየቤቱ እንዲደርስ በአስትራ ሳተላይት ላይ የማስተላለፊያ አቅም መከራየት፣ ከኬብል ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ በመስመሮቻቸው ውስጥ መግባት፣ ከዚያም በየሰዉ ሪሲቨር ውስጥ ተቀምጦ መገኘት ያስፈልጋል። አንድ አያት ሪሞታቸውን ይዘው የማያውቁትን ጣቢያ ፍለጋ አይወጡም፤ ቀድሞ የተቀመጠውን ነው የሚከፍቱት። ስለዚህ ቦታ ያለውን መግዛት ቦታ ከመፈለግ ይቀላል። የተገዛው «ዳስ ፊርተ»፣ ማለትም «አራተኛው»፣ የሚባል ጣቢያ ነበር። በ2005 የአሜሪካው የመዝናኛ ኩባንያ ኤንቢሲ ዩኒቨርሳል አቋቁሞት በ2008 ለሩሲያዊው ባለሀብት ለዲሚትሪ ሌስኔቭስኪ የሸጠው ይህ ጣቢያ የሚያሳየው ዝግጅት ብዙ ተመልካች አልነበረውም፤ የነበረው ሀብት በሚሊዮኖች ቤት ውስጥ ተሰክቶ የቆየው ቦታው ነው። ዲዝኒ ጣቢያውን ገዝቶ በ2013 መጨረሻ ዘጋው፣ ከሳምንታት በኋላም የራሱን ስም በቦታው ተከለ። የቆየ ሱቅ ገዝቶ ዕቃውን አውጥቶ በርና መንገዱን ብቻ እንደሚወስድ ነጋዴ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል የጉዳዩ እምብርት ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ነጻ የሆነው ጣቢያ ከእንግዲህ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። የጀርመን ሕግ ግን ለልጆች የተዘጋጀ ዝግጅትን በማስታወቂያ ማቋረጥን ፈጽሞ ይከለክላል፤ በዚህ ረገድ የልጆች ዝግጅት ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ አምልኮ ስርጭት ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሷል። ማስታወቂያ የሚገባው አንዱ ዝግጅት አልቆ ሌላው ሳይጀምር ብቻ ነው። በፊልም ላይ ግን ሌላ ደንብ አለ፤ ለልጆች ያልተባለ ፊልም በታቀደለት ጊዜ ውስጥ ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ አንድ ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል። ማስታወቂያው በጠቅላላው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ካለው ጊዜ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም።

እንግዲህ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ የካርቱን ፊልም አስቡ። ይህ ፊልም «የልጆች» ከተባለ በመካከሉ አንድም ማስታወቂያ አይገባበትም፤ «የቤተሰብ» ከተባለ ግን ሦስት ጊዜ ሊቆም ይችላል። ፊልሙ አንድ ነው፤ ስሙ ሲለወጥ ገቢው ይለወጣል። ስሙን ደግሞ ጣቢያው እንዳሻው አይሰጥም። ተቆጣጣሪዎቹ የሚጠይቁት ዝግጅቱ በይዘቱ፣ በአቀራረቡና በሚታይበት ሰዓት በዋናነት ከ14 ዓመት በታች ላሉት የታለመ መሆን አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ በ9 ሰዓት ከሰዓት በኋላ የሚታየው አጭር ካርቱን የልጆች መሆኑ አያከራክርም፤ 20:15 ላይ እናት፣ አባትና ልጆች በአንድ ሶፋ ላይ ሆነው የሚያዩት ረጅም ፊልም ግን የሁሉም ነው። የምሽቱ ማስታወቂያም የመጫወቻ ብቻ መሆኑ ይቀርና የመኪና፣ የሳሙና፣ የኢንሹራንስ ይሆናል፤ ለመግዛት የሚወስነው ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጧልና። «የቤተሰብ መዝናኛ» የሚለው ቃል ሞቅ ያለ ስሜት የሚሰጥ ቃል ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው፤ ጀርመን ውስጥ የጣቢያውን ሕልውና የሚወስን የሕግና የገንዘብ መስመር ነው።

ማስታወቂያው ራሱም ልጓም አለው። ልጆችን በቀጥታ «ግዙ» ማለት፣ ወይም እናትና አባታቸውን እንዲያስገዙ መገፋፋት፣ ልምድ ማጣታቸውንና የዋህነታቸውን መጠቀሚያ ማድረግ የተከለከለ ነው። ከዚህ ጎን የዕድሜ ደንብ አለ። ፊልሞች ከ1949 ጀምሮ በቪስባደን በሚሠራው የፊልም ኢንዱስትሪ መመርመሪያ አካል 0፣ 6፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል የዕድሜ ምልክት ይሰጣቸዋል። ከ16 በላይ የተባለ ፊልም በቴሌቪዥን የሚታየው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ከ18 በላይ የተባለው ደግሞ ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። 12 የተባለው ቀንም ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ጣቢያው የታናናሾቹን ደኅንነት ማሰብ አለበት። ቀኑን ሙሉ ልጆች ለሚከፍቱት ጣቢያ ይህ የመጨረሻው ደንብ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው።

ማን እንዳየ ካልታወቀ ማስታወቂያ አይሸጥም። ጀርመን ውስጥ ይህ የሚለካው በጥንቃቄ በተመረጡ ከ5,000 በላይ ቤተሰቦች ሲሆን፣ በየቤታቸው ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘ መሣሪያ አለ። እያንዳንዱ የቤት አባል የራሱ ቁልፍ አለው፤ ሲቀመጥ ይጫናል፣ ሲነሳ ይጫናል። የአምስት ዓመት ልጅ ካርቱን ለማየት ስትቀመጥ ቁልፏን መጫን ይጠበቅባታል፤ ረስታ ወጥ ቤት ብትሮጥ ጣቢያው ተመልካች እንዳለው ይቆጠርለታል። ውጤቱ በማግሥቱ ማለዳ ጣቢያዎቹ ዘንድ ይደርሳል። በልጆች ገበያ የሚታየው ከ3 እስከ 13 ዓመት ያሉት ቁጥር ነው። የምሽቱ ገበያ ለረጅም ዘመን የተመራው ከ14 እስከ 49 በሚለው ክልል ነበር፤ ይህንን ያስለመዱት የአርቲኤል የቀድሞ ኃላፊ ሄልሙት ቶማ ሲሆኑ፣ ኋላ ላይ ክልሉ ይህን ያህል ሳይንሳዊ መሠረት እንዳልነበረው እርሳቸው ራሳቸው ተናግረዋል። የቤተሰብ ጣቢያ በሁለቱም ሚዛን መመዘን ይኖርበታል፤ ቀን በአንዱ፣ ማታ በሌላው።

ሌላው ሊታለፍ የማይገባው ነገር ቋንቋው ነው። ጀርመኖች የውጭ ፊልም የሚያዩት ከግርጌ ጽሑፍ እያነበቡ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ በጀርመንኛ ድምፅ ተተክቶ ነው። ማንበብ ለማይችል ሕፃን ይህ ከምርጫ በላይ ነው። ሥራው እንደሚመስለው ቃል ለቃል መተርጎም አይደለም። ተናጋሪው ገጸ ባሕርይ ከንፈሩን ሲገጥም፣ በጀርመንኛውም «ም» ወይም «ብ» ወይም «ፕ» ያለበት ቃል እዚያው ቦታ ላይ መውደቅ አለበት፤ አለዚያ የትንሿ ተመልካች ዓይን ሳይቀር ያስተውለዋል። ጀርመንኛ ደግሞ በብዙ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ግሡን ወደ መጨረሻ ስለሚያደርስ፣ እንግሊዝኛው በመጀመሪያው ቅጽበት የተናገረው ድርጊት በጀርመንኛ የሚሰማው አፉ ሊዘጋ ሲል ነው። ከ2016 ወዲህ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ያየ ሰው ችግሩን በጆሮው ያውቀዋል፤ የእኛም ግሥ መጨረሻ ላይ ነውና።

በዚህ ረገድ ዲዝኒ በጀርመን ያለው ዕዳ ለአንዲት ሴት ነው። በ1951 የሚኪ ማውስ መጽሔት በጀርመንኛ ሲጀመር ዋና አዘጋጅ የሆኑት የሥነ ጥበብ ታሪክ ዶክተሯ ኤሪካ ፉክስ ለአሥርት ዓመታት የዶናልድ ዳክንና የሌሎቹን ዳክዬ ገጸ ባሕርያት ንግግር ሲተረጉሙ፣ ቃላቱን ከእንግሊዝኛ ከመቅዳት ይልቅ ከገዛ ቋንቋቸው ሥነ ጽሑፍ እያወጡ አሳመሩት። የዳክዬዎቹ ከተማ «ኤንተንሃውዘን» ተባለ። ገጸ ባሕርዩ ሲተክዝ ወይም ሲተነፍስ የጀርመንኛውን ግሥ ጫፉን ቆርጠው በስዕሉ ላይ አሰፈሩት፤ ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ በወጣቶች ጽሑፍ ውስጥ ይሠራል፣ የቋንቋ ሰዎችም በስማቸው ለውሰው «ኤሪካቲቭ» ይሉታል። እርሳቸው በ2005 በ98 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፣ በኖሩባት ትንሽ የባቫርያ ከተማ በ2015 ሙዚየም ተከፍቶላቸዋል። ጀርመናዊ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ዲዝኒ ቻናልን ሲከፍቱ ዶናልድ ባዕድ የማይሆንባቸው፣ ያደጉበትን ጀርመንኛ የሚናገር ስለሆነ ነው። ጣቢያው ብዙ ገንዘብ ቢያፈስም እንዲህ ያለውን መሠረት በአንድ ቀን ሊገዛው አይችልም ነበር።

በመጋቢት 2020 የኩባንያው የኢንተርኔት አገልግሎት ዲዝኒ ፕላስ ጀርመን ገባ። በዚያው ዓመት ብሪታንያ ውስጥ ዲዝኒ ቻናል ተዘግቶ ዝግጅቱ ወደ ኢንተርኔቱ ተዛወረ፤ ጣልያን ውስጥም እንዲሁ ሆነ። የጀርመኑ ግን ስርጭቱን ቀጠለ። እንደሚመስለኝ ልዩነቱን ያመጣው የ2014ቱ ውሳኔ ነው። በብሪታንያና በጣልያን ጣቢያው የክፍያ ጥቅል አካል ስለነበር፣ ያው ቤተሰብ ለኢንተርኔቱ አገልግሎት ሲከፍል ለጣቢያው ሁለተኛ ጊዜ የሚከፍልበት ምክንያት አልነበረም። የጀርመኑ ግን ተመልካቹን ምንም ሳያስከፍል የራሱን የማስታወቂያ ገቢ ያስገባል፤ በዚያ ላይ ለፊልሞቹ፣ ለመጫወቻዎቹና ለራሱ ለዲዝኒ ፕላስ በየዕለቱ የሚከፈት መስኮት ነው። በ2021 ዲዝኒ በሱፐር አርቲኤል የነበረውን ግማሽ ድርሻ ለአርቲኤል ሲሸጥ፣ ለ26 ዓመት የቆየው ሽርክና አብቅቶ የትናንት ባልደረቦች ለአንድ ልጅ ዓይን የሚወዳደሩ ሁለት ቤቶች ሆኑ።

ይህን ሁሉ ይዘን «ነጻ» የሚለውን ቃል ከተመልካቹ ቤት ሆነን ብናየው፣ በተለይ በቅርቡ ጀርመን ለገባ ቤተሰብ፣ ትርጉሙ እንደሚከተለው ነው። አዲስ ነዋሪ አድራሻውን ባስመዘገበ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ኮሎኝ ከሚገኘው የመዋጮ ሰብሳቢ ቢሮ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ቴሌቪዥን ባይኖረውም፣ ዲዝኒ ቻናልን እንጂ ኪካን ባያይም ይከፍላል፤ ከ2013 ጀምሮ የሚቆጠረው ቤቱ ነው እንጂ ዕቃው አይደለም። በአንድ ቤት ስንት ሰው ቢኖር የሚከፈለው አንድ መዋጮ ብቻ ነው። የማኅበራዊ ድጎማ ወይም የጥገኝነት ጠያቂ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው ከክፍያው ነጻ የመሆን መብት አለው፤ መብቱ ግን በራሱ አይመጣም፣ ማስረጃ አያይዞ ማመልከት ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ማስቀመጥ ዕዳው እንዲጠራቀም ከማድረግ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ቀጥሎ የኬብሉ ጉዳይ አለ። ለአሥርት ዓመታት ብዙ ጀርመናውያን ተከራዮች የኬብል ቴሌቪዥን ዋጋን ከቤት ኪራይ ተጨማሪ ወጪዎች ጋር ሳያውቁት ይከፍሉ ነበር፤ ነጻ የሚሉት ጣቢያ በኪራያቸው ውስጥ ተደብቆ ይከፈልበት ነበር ማለት ነው። ይህ አሠራር በሰኔ 30 ቀን 2024 አክትሟል። ከሐምሌ 1 ጀምሮ አከራይ ይህን ወጪ በተከራይ ላይ ማካፈል ስለማይችል፣ ኬብል የሚፈልግ ራሱ ይዋዋላል፣ የማይፈልግ ይተወዋል። በሳተላይት ዲሽ የሚያይ ቤተሰብ ዲዝኒ ቻናልን በመደበኛ የምስል ጥራት ያለ ክፍያ ሲያገኝ፣ የግል ጣቢያዎችን በከፍተኛ ጥራት ለማየት ግን ተጨማሪ ካርድ ገዝቶ በየጊዜው መክፈል ይኖርበታል፤ የሕዝብ ማሰራጫዎቹ ጣቢያዎች፣ ኪካን ጨምሮ፣ በከፍተኛ ጥራትም ያለ ካርድ ይታያሉ፣ ዋጋቸው በመዋጮው ውስጥ ተካቷልና። በተራ አንቴና የሚያይ ቤተሰብም ከ2017 ወዲህ የሚገጥመው ይኸው ነው፦ ኪካ ክፍት ነው፣ የግሎቹን ግን በአብዛኛው የሚከፍተው የከፈለ ሰው ነው።